ሁለተኛው ብስክሌት

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




የመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ከአገልግሎት ውጭ ስለሆኑ ንብረቶች አወጋገድ አንድ ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ከእኔ የሚጠበቀው ስለ መሥሪያ ቤቶች መጋዘን፣ ስለ ቆሙ ተሽከርካሪዎችና ስለ ጨረታ ኮሚቴዎች እንድናገር መሆኑ አልጠፋኝም። ነገር ግን እኔ በዚህ ጉዳይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሌሎችን ስመክር ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ ኮሪደር ውስጥ የቆመውን አንድ የተራራ ብስክሌት ልሽጥ ወይስ አልሽጥ በሚል አሳብ አምስት ዓመት የፈጀሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ በሌላው ንብረት ላይ ከመፍረዴ በፊት የራሴን ሒሳብ ለምርመራ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ። ጉዳዩ ትንሽ ነው፤ ይሁን እንጂ በትንሽ ሒሳብ ውስጥ የተሠራ ስሕተት በትልቁ ውስጥ ከተሠራው ይልቅ ለማየት ይቀላል።

ብስክሌቱን የገዛሁት በ2006 ዓ.ም. በ9,500 ብር ነበር። በዚያ ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር 19 ብር ገደማ ስለነበረ፣ ወደ 500 ዶላር መሆኑ ነው። ጎማው ባለ 26 ኢንች፣ የፊት ሹካው ሞላ ያለው፣ ከኋላ 9 ማርሽ ያለው፣ ፍሬኑም ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚጨብጥ ዓይነት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት ወጥቼበታለሁ፤ በባሕር ዛፎቹ መካከል ባሉት የእግር መንገዶችም ወርጄበታለሁ። ለ2012 ዓ.ም. ገና ግን በዋሺንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ ዘመዴ ባለ 29 ኢንች አዲስ ብስክሌት ፈታትቶ በካርቶን አሽጎ አመጣልኝ። ያን ቀን የመጀመሪያው ብስክሌቴ ሁለተኛ ሆነ። አልተሰበረም፣ አልተበላሸም፤ ተራው ብቻ ተለወጠ።

በጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ሁለት ብስክሌት ማለት በኮሪደሩ ውስጥ በጎን እየተንሸራተቱ ማለፍ ማለት ነው። በሁለተኛው ብስክሌት መሪ ላይ መጀመሪያ ጃንጥላ ተንጠለጠለ፤ ቀጥሎ ካፖርት፤ በክረምት ወራት ደግሞ ያልደረቀ ልብስ። ባለቤቴም እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ “ይኸኛው ብስክሌት ነው፤ ያኛው የልብስ ማስጫችን ነው” እያለች ታስተዋውቃቸው ነበር።

ለምን እንደማልሸጠው ስጠየቅ ሦስት መልሶች ነበሩኝ። አንደኛው፣ መጠባበቂያ ነው፤ ሁለተኛው፣ መለዋወጫ ይሆናል፤ ሦስተኛው፣ ዋጋው ይጨምራል የሚሉ ናቸው። እነዚህ መልሶች ለእናንተ እንግዳ አይደሉም። በየግቢው በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሣር የበቀለበት መኪና ባገኘን ጊዜ የንብረት ክፍሉ ኀላፊ የሚሰጠን መልስ ይኸው ነው። እኛም በቆጠራው ዝርዝር ግርጌ “ይወገድ” ብለን አስተያየት ጽፈን እንሄዳለን። በዓመቱ ስንመለስ መኪናው እዚያው ነው፤ ሣሩ ግን ከፍ ብሏል።

ከሦስቱ መልሶች ብዙ ጊዜ የተመካሁበት ሁለተኛው ነበር። በአገራችን የብስክሌት መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ አንዱ ብስክሌት ለሌላው መጋዘን ቢሆን ምን ክፉ አለው እል ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሜ እንደ ቆጠራ ሠራተኛ ዝርዝር ያዝሁ። ውጤቱን ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ተራራ ብስክሌት ታሪክ ጥቂት ማለት ያስፈልገኛል፤ የ26 እና የ29 ኢንች ነገር የሚገባው በዚያ በኩል ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በሚገኘው በማሪን አውራጃ፣ ጥቂት ወጣቶች ከ1930ዎቹና ከ1940ዎቹ የቀሩ ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየሰበሰቡ ከታማልፓይስ ተራራና በአካባቢው ካሉ ኮረብታዎች ቁልቁል ይጋልቡባቸው ነበር። የእነዚህ ብስክሌቶች ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራ ስለነበረ፣ በረጅሙ ቁልቁለት ላይ ከመጋሉ የተነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር። ከወረዱ በኋላም ፍሬኑን ፈትቶ ግራሶውን እንደገና መሙላት ግድ ነበር። ከ1976 ጀምሮ ይወዳደሩበት የነበረው መንገድ “ሪፓክ” የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንደገና መሙላት ማለት ነውና። ከእነርሱ አንዱ ጆ ብሪዝ በ1977 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የታሰበ አዲስ ብስክሌት ሠራ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ “ስታምፕጃምፐር” የተሰኘውን በብዛት አምርቶ ለገበያ አቀረበ። በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ የተራራ ብስክሌት ራሱን የቻለ ውድድር ለመሆን በቃ። እንግዲህ እነዚያ የተጣሉ አሮጌ ብስክሌቶች ጎማቸው ባለ 26 ኢንች ስለነበረ፣ ተከትለዋቸው የመጡት ሁሉ ለሦስት ዐሥርተ ዓመታት ያህል ይህንኑ መጠን ወርሰው ኖሩ። ባለ 29 እና ባለ 27.5 ኢንች ጎማዎች ስፍራውን የያዙት በቅርብ ጊዜ ነው።

የእኔ ሁለት ብስክሌቶች የቆሙት በዚህ ለውጥ በወዲያና በወዲህ ነው። ዝርዝሬም የሚከተለውን አሳየኝ። ጎማና ቸርኬ አይገናኙም። የኋላ እግሩ ዘንግ በአሮጌው ለ135፣ በአዲሱ ለ148 ሚሊሜትር ስፋት የተሠራ በመሆኑ አይገናኝም። የ9 ማርሽ ካቴና ለ12 ማርሽ ወፍራም ነው። የአሮጌው ፍሬን በሽቦ ቸርኬ የሚይዝ፣ የአዲሱ በዘይት ግፊት ዲስክ የሚይዝ ነው። የሹካው አንገት በአሮጌው ከላይ እስከ ታች እኩል ሲሆን፣ በአዲሱ ወደ ታች እየወፈረ ይሄዳል። የተስማሙልኝ ፔዳሎቹ ናቸው፤ የጥርሳቸው መጠን በሁለቱም አንድ ነው። መቀመጫውም ይስማማል። በአጭሩ፣ አምስት ዓመት መጋዘን እያልሁ የጠራሁት ንብረት ሁለት ፔዳልና አንድ መቀመጫ ሆኖ ተገኘ።

ዋጋው ይጨምራል የሚለው መልስ ደግሞ የሒሳብ ሰው በመሆኔ ከሁሉ ይበልጥ ያሳፍረኛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሲወጣ የብስክሌትም ዋጋ አብሮ ወጣ። እኔም በልቤ፣ “በ9,500 የገዛሁት ዛሬ ከ20,000 በላይ ያወጣል፤ እንኳን አልሸጥሁት” አልሁ። ይህን ከአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ብሰማው ኖሮ ወረቀት አስወጥቼ እንደገና አሠራው ነበር። ኋላ በተሸጠበት በ24,000 ብር ብናሰላው፣ ዶላሩ ከ130 ብር በላይ በሆነበት ጊዜ 185 ዶላር እንኳ አይሞላም። በ500 ዶላር የተገዛ ንብረት ከዐሥር ስድስት እጁን አጥቷል ማለት ነው። ስድስት ዓመት አገልግሏልና ይህ የሚገባ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ እስማማለሁ። ትርፍ ብሎ መጥራት ግን አይገባም።

በዚህ ላይ የቆመ ንብረት ቆመ ማለት አረፈ ማለት አይደለም። በፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ወደ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃዎች ከገባን ወዲህ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ደረጃ ቁጥር 16 ንብረቱ ሥራ ፈትቶ ቢቆም እንኳ የእርጅና ቅናሹ እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ በሥራው መጠን የሚሰላ ካልሆነ በቀር። ደረጃ ቁጥር 36 ደግሞ ሥራ መፍታቱን ራሱን የዋጋ መውደቅ ምልክት አድርጎ ይቈጥረዋል። ይህን ሳነብ ብዙ ጊዜ የሕግ ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር። አየር የጎደለው ጎማ በአንድ ወገኑ ተጋድሞ ሲሰነጠቅ፣ የሹካው የጎማ ማሸጊያ ደርቆ ዘይት ሲያንጠባጥብ፣ የፍሬኑ ሽቦ በመሸፈኛው ውስጥ ዝጎ አልሳብ ሲል በዓይኔ ካየሁ በኋላ ግን ደንቡን የጻፉት ሰዎች ኮሪደር ያላቸው ሰዎች እንደሆኑ ጠረጠርሁ።

“ብሸጠው ምን ይለኛል” ማለትን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለምጄው ነበር። ደረጃ ቁጥር 5 ግን አንድን ንብረት “ለሽያጭ የተያዘ” ለማለት ቁርጥ ውሳኔን፣ ገዥ መፈለግን፣ ከገበያ ጋር የሚቀራረብ ዋጋ መጥራትንና ሽያጩ በአንድ ዓመት ውስጥ ይፈጸማል ብሎ መጠበቅን ይጠይቃል። እኔ ከእነዚህ አንዱንም አላሟላሁም። ዋጋ ጠሩ ስባል የምጠራው 40,000 ብር ነበር፤ ሁለት ነጋዴዎች አይተውት አንዱ 22,000 ሌላው 26,000 ብር ሰጡኝ፤ እኔም ተቀይሜ ተመለስሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔትሽና ሪቻርድ ቴለር ባወጡት ጥናት፣ ኩባያ የታደላቸው ሰዎች ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ያልታደላቸው ለመግዛት ከፈቀዱት ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ኩባያውን የያዙት ለደቂቃዎች ብቻ ነው። እኔ ብስክሌቱን የያዝሁት ዐሥር ዓመት ነውና እጥፍ አለመሞላቴ እንደ ትሕትና ሊቈጠርልኝ ይገባል።

የቀረው የመጀመሪያው መልስ ነው፤ መጠባበቂያ ነው የሚለው። ይህን በክርክር ሳይሆን በመዝገብ ለመፍታት ወሰንሁ። ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለትም አንድ ሙሉ የበጀት ዓመት፣ በበሩ አጠገብ አንድ ደብተር በሲባጎ አንጠለጠልሁ። ቀኑ፣ የወጣው ብስክሌት፣ የነዳው ሰውና ምክንያቱ ይጻፍበታል። ዓመቱ ሲዘጋ አዲሱ ብስክሌት 41 ጊዜ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛው 14 ጊዜ ወጥቷል። ከ14ቱ እኔ የነዳሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የአዲሱ ፍሬን ጥገና ላይ በነበረ ጊዜ። ሁለት ጊዜ ለፋሲካ የመጣ የእኅቴ ልጅ ነድቶታል። የቀሩትን 11 ጊዜያት የነዳው በመሥሪያ ቤታችን የሚሠራ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ነው።

ይህን ሳይ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። 14 ጊዜ የወጣ ንብረት እንዴት ሥራ ፈትቷል ይባላል? ለመጠባበቂያ ባይሆን ለሰው ጠቅሟልና ይቆይ ብዬ ወሰንሁ፤ መዝገቡንም ለባለቤቴ አሳየኋት። እርስዋ የሒሳብ ትምህርት የላትም። ጥቂት ገጾች ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ “እሱ ልጅ ከቅዳሜ በቀር ነፃ ቀን የለውም እንዴ?”

ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። ዐሥራ አንዱም ቀን ቅዳሜ ነው። ዐሥራ አንዱም ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። በዐሥራ አንዱም ቀን አዲሱ ብስክሌት አብሮ ወጥቷል። ልጁ እሑድም ሥራ የለውም፤ በበዓላትም የለውም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ ጓደኞቹ እሑድ እሑድ እዚያ እንደሚሄዱ ነግሮኝ ያውቃል። በእነዚያ ቀናት አንድም ጊዜ ብስክሌቱን አልወሰደም።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ቀን ዳገቱን ጨርሰን ውሃ ስንጠጣ፣ “ጋሼ፣ ምናልባት ይህን ብስክሌት ለመሸጥ ካሰቡ ለእኔ ይሁንልኝ፤ ቀስ በቀስ እከፍላለሁ” ብሎኝ ነበር። የሰጠሁትን መልስ ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ “ምን መሸጥ ያስፈልጋል? ያንተው አይደል እንዴ! በፈለግህ ጊዜ መጥተህ ውሰደው።” አመስግኖኝ ዝም አለ። እኔም ለጋስ ሰው እንደሆንሁ ተሰማኝ። እናንተ እንደምታውቁት ግን በአንድ ታላቁ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ በር አንኳኩቶ፣ “ጋሼ፣ ዛሬ ብቻዬን ልሄድበት ነውና ብስክሌቱን ይስጡኝ” የሚል ደኅና አስተዳደግ ያለው ልጅ የለም። “በፈለግህ ጊዜ” ያልሁት ቃል በሥራ ላይ ሲተረጐም “እኔ በፈለግሁ ጊዜ” ሆኖ ነበር። ቃሉን ስሰጥ ይህን አላሰብሁም፤ ነገር ግን ለዐሥራ አንድ ቅዳሜ ሳይታወቀኝ ተጠቅሜበታለሁ።

ስለዚህ ብስክሌቱ ሥራ አልፈታም ነበር። ሥራ ነበረው፤ በመዝገቡ ያልተጻፈ ሥራ ነበረው። በኔ ዕድሜ ያሉት ጓደኞቼ ጉልበታቸውን ሲያማቸው አንድ በአንድ ተለይተውኛል፤ ሁለቱ ውጭ አገር ሄደዋል። ብቻዬን ዳገት መውጣት እፈራለሁ፤ ፍርሃቱ የመውደቅ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ብስክሌት በኮሪደሩ እስካለ ድረስ የቅዳሜ ጓደኛ ነበረኝ። የጠየቅሁት 40,000 ብርም የብረቱና የጎማው ዋጋ አልነበረም።

ይህን ካየሁ በኋላ መሸጡ ግልጽ ሆነ፤ ለማን እንደሚሸጥም ግልጽ ነበር። ያከራከረኝ ሌላ ነገር ነው። ባለቤቴ፣ “ለልጁ በነጻ ስጠው፤ ዐሥር ዓመት በነዳኸው ብስክሌት ገንዘብ መቀበል ነውር ነው” አለች። ጥሩ አሳብ ነው፤ በሌላ ጊዜ እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። ነገር ግን ስጦታ ከሆነ ልጁ ከቀድሞው ይልቅ ይታሰርልኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ ወዶ ይሁን አፍሮ እርሱም አያውቀውም፤ እኔም አላውቀውም። ዋጋውን በሙሉ የከፈለ ሰው ግን ባይመጣ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ የሁለቱን ነጋዴዎች ዋጋ ደምሬ ለሁለት ከፈልሁት፤ 24,000 ብር መጣ። ጎማዎቹንና የፍሬን ሽቦዎቹን በራሴ ወጪ አስቀየርሁ፤ የሹካውን ማሸጊያም አሳደስሁ፤ እያወቁ የተበላሸ ዕቃ ማስረከብ አይገባምና። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በሁለት ምስክሮች ፊት ውል ጽፈን በሦስት ደመወዝ ቀን እንዲከፍለኝ ተስማማን። ልጁ ውሉን ሲያነብ ፈገግ አለ፤ “ጋሼ፣ ለብስክሌት ይህ ሁሉ?” አለኝ። “ለእኔ ነው እንጂ ለብስክሌቱ አይደለም” አልሁት። የገባው አይመስለኝም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ መጣ። በሁለተኛው አልመጣም፤ ደውሎም አልነገረኝ። ደግሞ ለምን ይነግረኛል? በሦስተኛው ቅዳሜ እኔ ዳገቱን ቀስ እያልሁ ስወጣ፣ ከሁለት እኩዮቹ ጋር ቁልቁል ሲወርድ ተገናኘን። “ጋሼ!” ብሎ እጁን አንሥቶ አለፈ፤ ከኔ ጋር ወርዶ በማያውቀው ፍጥነት ነበር የሚወርደው። ዐሥራ አንድ ቅዳሜ ስለኔ ሲል ፍሬን ይዞ ሲወርድ እንደኖረ ያን ጊዜ አወቅሁ። ከመንገዱ ዳር ቆሜ ጥቂት አየሁት። አልዋሻችሁም፤ ከፋኝ። ወዲያው ደግሞ አሮጌው ሹካ ማሸጊያው በደንብ ስለ ታደሰ ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚቀበለው ማየት ጀመርሁ።

የመጨረሻውን ክፍያ በመስከረም ወር መጨረሻ አምጥቶ ሰጠኝ፤ ደረሰኝ ጻፍሁለት። ደብተሩ አሁንም በበሩ አጠገብ ተንጠልጥሏል፤ የሚመዘገበው ብስክሌት ግን አንድ ነው። ከሽያጩ ወዲህ ለ19 ቅዳሜዎች ወጥቻለሁ። ከእነዚህ በአምስቱ ልጁ በራሱ ብስክሌት፣ በራሱ ሰዓት መጥቶ አብሮኝ ወጥቷል፤ ለእነዚያ ቀናት አዲስ ዓምድ ከፍቻለሁ። ካፖርቴ ግን እስካሁን ቦታ አላገኘም።